የተሸሸገው ሒሳብና የሙሳፊሩ ሐቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። 

በዚህ ዐምድ ላይ ስለ ሆቴል ሒሳብ መጻፌን አይቶ «ይህ ደግሞ ከዲን ጋር ምን አገናኘው? ለንግድ ቢሮ ቢተወው አይሻልም?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ዲናችንን በመስጊድ አጥር ውስጥ ብቻ የሚሠራ አድርገን ማየት ከለመድን ቆይተናልና ብዙም አይፈረድበትም። ነገር ግን ሶላቱን በወቅቱ የሚሰግድ፣ ረመዷንን የሚጾም፣ ሐጅ ያደረገ ሰው ለእንግዳው የአልጋውን ዋጋ ግማሹን ነግሮ ግማሹን ሲደብቅ፣ ነገሩ የንግድ ቢሮ ብቻ መሆኑ ይቀራል። የሐላልና የሐራም ጥያቄ ይሆናል። በቂያማ ቀን ስለ ገንዘባችን ከየት እንዳመጣነውና በምን ላይ እንዳዋልነው የምንጠየቅ መሆናችንን ያመነ ሰው ይህን ጥያቄ ሊሸሸው አይችልም።

«ፕላስ ፕላስ» ምንድን ነው?

በከተሞቻችን ባሉ ብዙ ሆቴሎች ከአልጋው ዋጋ ጎን ሁለት የመደመር ምልክቶች ይቀመጣሉ። የሙያው ሰዎች «ፕላስ ፕላስ» ይሉታል። አንዱ ምልክት 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ (ሰርቪስ ቻርጅ)፣ ሌላው 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማለት ነው። ለሆቴሉ ሰው ግልጽ ነው። ከወሎ ወይም ከባሌ ገጠር ለሕክምና ለመጣ ሰው ግን ሁለቱ መስቀለኛ ጭረቶች ምንም አይናገሩም።

እስቲ እናስላው። አልጋው በሌሊት 3000 ብር ነው ተባለ እንበል። 10 በመቶው ሲጨመር 3300 ይሆናል። ቫቱ በዚህ ድምር ላይ ሲታሰብ ሌላ 495 ብር ይመጣል። የአንድ ሌሊት ሒሳብ 3795 ብር ሆነ ማለት ነው። ሦስት ሌሊት ላደረ ሰው 9000 ብር የተባለው 11385 ብር ሆኖ ይጠብቀዋል። ልዩነቱ 2385 ብር ነው። ይህ ገንዘብ ለአንዳንዱ የአንድ ምሳ ግብዣ ሊሆን ይችላል። ለሌላው ደግሞ የመድኃኒትና ወደ አገሩ የመመለሻ ነው።

በሌላው ዓለም ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በአሜሪካ ብዙ ሆቴሎች «የሪዞርት ክፍያ» የሚባል ነገር አላቸው። እንግዳው ዋኘም አልዋኘም፣ ስፖርት ሠራም አልሠራም፣ ኢንተርኔት ተጠቀመም አልተጠቀመም በየሌሊቱ ይከፍላል። ብዙ ወገኖቻችን በሆቴልና በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩባት የላስ ቬጋስ ከተማ በዚህ ክፍያ ስሟ የታወቀ ነው። እስከ 2025 አጋማሽ ድረስ የነበረው አሠራር ረቂቅ ነበር። በኢንተርኔት አልጋ የሚፈልገው ሰው መጀመሪያ ትንሹን ዋጋ ያይ ነበር። በእርሱ ተማርኮ ይመርጥ ነበር፤ ስሙን፣ ቀኑን፣ የባንክ ካርድ ቁጥሩን ይሞላ ነበር። ልቡ ከወሰነና እጁ ከደከመ በኋላ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ወይም ሻንጣውን ይዞ ከሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ሲደርስ ቀሪው ይነገረው ነበር። ያን ጊዜ እንደገና ፍለጋ ከመጀመር ይልቅ መክፈል ይቀለው ነበር። ሻጩም የሚተማመነው በዚሁ ድካም ላይ ነበር።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። ተቃውሞዬ በክፍያው መኖር ላይ አይደለም። ግብር መንግሥት የጣለው ነው። ዱባይ ለንግድ የሚመላለሱ ወንድሞችና እህቶች እንደሚያውቁት፣ እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ «የቱሪዝም ዲርሃም» የሚባል ክፍያ በክፍልና በሌሊት እንደ ሆቴሉ ደረጃ ከ7 እስከ 20 ዲርሃም ይከፈላል። ሆቴሉ ለመዋኛው ገንዘብ መጠየቅም መብቱ ነው። የአልጋውን ዋጋ በፈለገው መጠን መወሰንም የእርሱ ፋንታ ነው። ነውሩ ያለው በመሸሸጉ ላይ ነው።

የሚጎዳው ማን ነው?

ባለፈው ጊዜ ከአዲስ አበባ ሆስፒታሎች በአንዱ አቅራቢያ ባለ ሆቴል እንግዳ ስጠብቅ ያየሁት ነገር እስካሁን ከልቤ አልወጣም። አንድ ሽማግሌ የታመሙ ባለቤታቸውን ይዘው ሊወጡ ሒሳብ ይጠይቃሉ። አልጋውን የያዘላቸው ጂዳ የሚሠራው ልጃቸው ነው። በስልኩ ላይ ያየውን ዋጋ በሌሊቶቹ ቁጥር አባዝቶ፣ ያንኑ ያህል ገንዘብ ቆጥሮ ልኮላቸዋል። ወጣቱ ሒሳብ ተቀባይ ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥር ነገራቸው።

«ልጄ፣ ተሳስተህ እንዳይሆን። ልጄ የነገረኝ ይህን አይደለም» አሉት።

«አባባ፣ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ነው። ክፍሉ ውስጥ በሩ ጀርባ ተለጥፏል እኮ» አላቸው። የተለጠፈው ወረቀት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው።

ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያው ልጄ ዋሽቶኛል ማለት ነው?» አሉ። ልጁ አልዋሸም። ያየውን ነው የነገራቸው። ከፍለው ሲወጡ የቀረችውን ብር ደጋግመው ይቆጥሩ ነበር። ወጣቱም ክፉ ሰው አልነበረም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። የተደበቀው ሒሳብ ግን ከገንዘቡ በላይ የአባትና የልጅን መተማመን ነካ። «ጥቂት ብር ናት» ለሚሉን ሁሉ የምንመልሰው ይህን ነው።

ሸሪዓው ምን ይላል?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ ቁጥር 29 ላይ ምእመናን የእርስ በርሳቸውን ገንዘብ ያለ አግባብ እንዳይበሉ ከልክሎ፣ የፈቀደው በመካከላቸው በመዋደድ የሚደረገውን ንግድ መሆኑን ገልጿል። ቃሉ «ተራዲን» ነው፤ ሁለቱም ወገን ወዶ ሲስማማ ማለት ነው። ሰው ያላወቀውን እንዴት ሊወድ ይችላል? 3000 ብር ብሎ የወደደ ሰው 3795 ብርን ወደደ አይባልም። በሩ ከተዘጋበት በኋላ መክፈሉ የውዴታ ምስክር አይሆንም፤ የመቸገሩ ምስክር ነው።

ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ የዚህ ርእስ ምሰሶ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሻጭና ገዢ እስኪለያዩ ድረስ ምርጫ ያላቸው መሆኑን፣ እውነት ተናግረው ያለውን ነገር ከገለጡ በንግዳቸው ላይ በረከት እንደሚወርድ፣ ከዋሹና ከሸሸጉ ግን በረከቱ እንደሚነሣ አስተምረዋል። ልብ በሉ፣ ውሸትና መሸሸግ አብረው ተቀምጠዋል። «እኔ አልዋሸሁም፣ ዝም ነው ያልኩት» የሚለው መከላከያ እዚህ ላይ አይሠራም።

በሙስሊም ዘገባ ደግሞ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው እርጥበት አገኙ። ባለ እህሉ ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። ሰዎች እንዲያዩት ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁትና የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። እርጥብ እህል መሸጥ አልተከለከለም። የተጠየቀው እርጥቡን ከላይ ማድረግ ነው። ቫቱንና ሰርቪሱን ከላይ ማድረግ፣ ማለትም መጀመሪያ በሚነገረው ዋጋ ውስጥ ማስገባት፣ ከዚህ በምን ይለያል?

አልጋ ማከራየት በፊቅህ «ኢጃራ» ከሚባለው የውል ዓይነት ውስጥ ይገባል። የፊቅህ ሊቃውንት ለኢጃራ ካስቀመጧቸው መስፈርቶች መካከል የሚሰጠው ጥቅምና የሚከፈለው ዋጋ ለሁለቱም ወገን የታወቀ መሆን ይገኝበታል። ዋጋው ለአንዱ ታውቆ ለሌላው ካልታወቀ ውሉ ውስጥ «ጀሃላ»፣ ማለትም አለማወቅ ገብቷል።

ለመንገደኛው የተለየ ጥበቃም አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሸቀጥ ጭነው ወደ ከተማ የሚመጡ ሰዎችን ገበያውን ከማወቃቸው በፊት መንገድ ላይ ወጥቶ መቀበልንና መግዛትን ከልክለዋል። በሙስሊም ዘገባ መሠረት እንዲህ የተሸጠበት መንገደኛ ገበያ ደርሶ ዋጋውን ካወቀ በኋላ ውሉን የማጽናት ወይም የማፍረስ ምርጫ አለው። በሐንበሊ መዝሀብ ሊቃውንት ይህንኑ መሠረት አድርገው «ሙስተርሲል» ስለሚባለው ሰው ጽፈዋል። ይህ ሰው የገበያውን ዋጋ የማያውቅ፣ መከራከርም የማይችል፣ ሻጩን አምኖ ራሱን የሰጠ ነው። ከልክ በላይ ከተጎዳ ለእርሱም ምርጫ ሰጥተውታል። እንግዲህ ሌሊት ሻንጣውን ይዞ የማያውቀው ከተማ የደረሰ እንግዳ ሙስተርሲል ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

የሚቀርቡት ምክንያቶች

ስለዚህ ጉዳይ ከሆቴል ባለቤቶች ጋር ስነጋገር ሦስት መልሶች ሰምቻለሁ።

የመጀመሪያው «ተጽፏል» የሚል ነው። ሙስሊሞች በገቡት ቅድመ ሁኔታ ላይ የሚጸኑ መሆናቸውን የሚናገረውን ሐዲስም ያስታውሳሉ። ሐዲሱ እውነት ነው። ነገር ግን ቅድመ ሁኔታ የሚሆነው ሁለት ሰዎች አውቀው የገቡበት ነገር ነው። ገንዘብ ከተከፈለ በኋላ በሚገባበት ክፍል በር ጀርባ፣ በማያነበው ቋንቋ የተለጠፈ ወረቀት ማስታወቂያ እንጂ ስምምነት አይደለም።

ሁለተኛው «ግብሩን የሚወስደው መንግሥት ነው፣ እኛ ምን አደረግን?» የሚል ነው። ግብሩን ማን እንደሚወስደው አልተጠየቀም። ሆቴሉ የግብሩን መጠን እንግዳው ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ያውቀዋል። የሚያውቀውን ለምን አይናገርም? ሰርቪስ ቻርጁንም በተመለከተ «የሠራተኛው ነው» ከተባለ በእርግጥ ለሠራተኛው ይድረስ። በአስተናጋጁ ስም ሰብስቦ ከአስተናጋጁ መከልከል በአንድ ደረሰኝ ሁለት ሰው መበደል ነው።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉም የከበደ ስለሆነ በቅን ልቦና ልንሰማው ይገባል። «እኔ ብቻዬን ሙሉውን ዋጋ ብጽፍ ጎረቤቴ ርካሽ፣ እኔ ውድ እመስላለሁ። ገበያዬ ይሄዳል» ይላሉ። እውነት አላቸው። እውነተኛው ነጋዴ ተቀጥቶ ደባቂው የሚሸለምበት ገበያ ታሟል። ለዚህ ሁለት መድኃኒት አለ። አንደኛው ተወኩል ነው፤ ሪዝቅ በአላህ እጅ መሆኑን አምኖ በእውነቱ መጽናት። ሁለተኛው ሁሉንም በአንድነት የሚያስገድድ ሕግ ነው።

ሌሎች የደረሱበት

ለዚህ ሁለተኛው መድኃኒት ምሳሌ የምናገኘው፣ የሚያሳዝነው፣ ከሌላ ሰፈር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2012 የሪዞርት ክፍያን ከዋጋቸው ለይተው ለሚያሳዩ 22 የሆቴል ድርጅቶች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። በ2017 ባወጣው ጥናት የግዴታውን ክፍያ ከአልጋው ዋጋ ለይቶ ማሳየት ሸማቹን እንደሚጎዳ ደመደመ። የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት የተደበቁ የግዴታ ክፍያዎችን የሚከለክል ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለ። ኮሚሽኑም በዲሴምበር 2024 ደንብ አውጥቶ ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ በመላው አገሪቱ ተግባራዊ ሆነ። ደንቡ የሚሸፍነው የአጭር ጊዜ ማረፊያዎችንና የትርኢት ቲኬቶችን ነው። ሆቴሎች ክፍያውን እንዲያስቀሩ አላዘዘም። ከመንግሥት ግብር በስተቀር ማንኛውም የግዴታ ክፍያ ከመጀመሪያው በሚታየው ዋጋ ውስጥ እንዲገባ ነው ያዘዘው። በብሪታኒያም ዋጋን እያንጠባጠቡ መጨመርን የሚከለክል ሕግ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል።

እነዚህ ሰዎች ክርክራቸውን ያደረጉት በሸማችና በውድድር ስም ነው። የደረሱበት ቦታ ግን እርጥቡን እህል ከላይ አድርግ የሚለው የመዲና ገበያ ትምህርት ነው። ትምህርቱን ከአሥራ አራት መቶ ዓመት በፊት የተቀበልን እኛ ግን በር ጀርባ ወረቀት እንለጥፋለን።

አገራችንም ሕግ የላትም ማለት አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃና የአገልግሎት ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያመለክት ይደነግጋል። ሸማቹም ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት እንዳለው አስፍሯል። የጎደለው መብቱን የሚያውቅ ሸማችና አላህን የሚፈራ ነጋዴ ነው።

ሙሳፊር በእስልምና

መንገደኛ በዲናችን ያለው ቦታ ትልቅ ነው። አላህ (ሱ.ወ) ሶላቱን እንዲያሳጥር፣ ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዶለታል። በሱረቱ አት-ተውባ ቁጥር 60 ላይ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል «ኢብኑ ሰቢል»፣ የመንገድ ልጅ፣ ተቆጥሯል። በአገሩ ሀብታም ቢሆን እንኳ መንገድ ላይ ከተቸገረ ሐቅ አለው። ዱዓው ተቀባይነት ካላቸው ሰዎችም አንዱ መንገደኛ መሆኑ በሐዲስ ተነግሯል። የተበደለም ሰው ዱዓ እንዲሁ ነው። ተበድሎ የሚሄድ መንገደኛ ሁለቱንም ይዞ እንደሚወጣ የሆቴል ባለቤቶቻችን ያስቡበታል?

አጥ-ጠበሪ በታሪክ መጽሐፋቸው እንደዘገቡት፣ እ.ኤ.አ. ከ717 እስከ 720 የነገሡት ኸሊፋ ዑመር ኢብኑ ዐብዱል ዐዚዝ ለሰመርቀንድ ሹማቸው የመንገደኛ ማረፊያዎችን እንዲሠራ ጽፈውለት ነበር። የሚያልፈውን ሙስሊም አንድ ቀንና ሌሊት እንዲያስተናግዱት፣ እንስሶቹንም እንዲንከባከቡለት፣ የታመመ ከሆነ ሁለት ቀንና ሌሊት እንዲያቆዩት፣ ስንቁ ያለቀበትንም ወደ አገሩ የሚያደርሰው እንዲሰጡት አዘዙ። ዛሬ ሆቴል በነፃ ያሳድር የሚል የለም። ሆቴል ንግድ ነው፣ ንግድም ሐላል ነው። ነገር ግን ያኔ መንገደኛው የሚቀበለው ገንዘብ ነበረ፤ ዛሬ የምንለምነው ገንዘቡ ሳይነገረው እንዳይወሰድበት ብቻ ነው። በየገጠራችንም ቢሆን «የመሸብኝ የአላህ እንግዳ ነኝ» ያለን ሰው አሳድሮ፣ እግሩን አጥቦ፣ ቡና አፍልቶ የሚሸኝ ሕዝብ ልጆች ነን።

ምን እናድርግ?

ለሆቴልና ለፔንሲዮን ባለቤቶች፦ በስልክም፣ በኢንተርኔትም፣ በመቀበያውም የምትናገሩት ቁጥር እንግዳው የሚከፍለው የመጨረሻ ቁጥር ይሁን። በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ በጉልህ ይጻፍ። የክፍል መልቀቂያ ሰዓትና በማርፈድ የሚመጣ ክፍያም ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት ይነገር። ከውጭ የመጣ ወገን መሆኑን በንግግሩ አውቆ ዋጋ መለወጥም ከዚሁ ከመደበቅ ቤት የወጣ ነው።

ለዑምራና ለሐጅ አስጓዦች፦ የእናንተ እንግዳ የአላህ እንግዳ ነው። ጥቅሉ ምን ምን እንደሚያካትት፣ ሆቴሉ ከሐረም በእግር ምን ያህል እንደሚያስኬድ፣ በኋላ የሚጠየቅ ክፍያ ካለ ስንት እንደሆነ ገንዘቡን ከመቀበላችሁ በፊት በጽሑፍ ስጡት። ለዓመታት ያጠራቀመች እናት መካ ደርሳ «ይህ አልተካተተም» መባል የለባትም።

ለመንገደኞች፦ «ይህ የመጨረሻው ዋጋ ነው? ቫትና ሰርቪስ ገብቶበታል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ደረሰኝ ጠይቁ። ግን ሐቅ በሁለት በኩል ነው። ለሁለት ሰው አልጋ ይዞ አራት ማሳደር፣ ፎጣ በሻንጣ ከትቶ መውጣት፣ «ያለ ደረሰኝ ቀንስልኝ» ብሎ ባለቤቱን ወደ ግብር ስርቆት መጋበዝ የመንገደኛው መሸሸግ ነው።

ለዑለሞቻችንና ለኢማሞቻችን፦ የጁምዓ ኹጥባ ስለ ወለድ ብቻ ሳይሆን ስለ ደረሰኝም ይናገር። ሱረቱል ሙጠፊፊን ሲሰፍሩ የሚያጎድሉትን ያስጠነቀቀችው እህል በሚሰፈርበት ዘመን ነበር። የዘመናችን ስፍር የዋጋ ዝርዝር ነው። እዚያም ላይ ማጉደል አለ።

ከሙስሊም ሆቴሎች አንዱ ዛሬ ተነሥቶ ሁለቱን የመደመር ምልክቶች ቢሰርዝና ሙሉውን ዋጋ ቢጽፍ፣ መጀመሪያ ጥቂት እንግዳ ሊሸሸው ይችላል። ግን ያደረ ሁሉ «የተነገረኝን ከፍዬ ወጣሁ» እያለ ይመሰክርለታል። ለነጋዴ ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ፣ ለሙስሊምም ከዚህ የቀለለ ዳዕዋ አላውቅም።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን። በንግዳችን ላይ በረከቱን ያውርድልን። መንገደኞቻችንን በሰላም ወደ ቤታቸው ይመልስልን። አሚን።